በገመቹ ዕድሜ ላይ የሰጠሁት ምስክርነት

ያን ቀን ቀበሌ ቢሮ ውስጥ አምስት ነበርን፤ ጸሐፊዋ፣ አቶ ቱፋ፣ ወይዘሮ አስካለ፣ ሃምሳ አለቃ ገመቹና እኔ። እኔ ያደረግሁትን ከገመቹ በቀር ማንም አላወቀም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም።

እኔና ገመቹ ቡልቡላ በአንድ ክረምት የተወለድን የጎረቤት ልጆች ነን። ጦር ሲገባ ዕድሜውን በግምት ሲጽፉለት ከእውነተኛው ስድስት ዓመት አጎደሉበት። በኋላ የጦር ክፍሉ አዲስ የአካል ብቃት መመዘኛ አወጣ። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆኑት አጭሩን ሩጫ ሮጠው ወደ መጋዘን ሥራ ይዛወራሉ፤ የቀሩት ከወጣቶቹ እኩል ረጅሙን ይሮጣሉ። ሃምሳን ያለፈው ገመቹ፣ በወረቀት ሃምሳ ስላልሞላው፣ ዕድሜውን ለማስተካከል ሦስት ምስክር ተጠየቀ።

ልጄ በእሱ ሥር ወታደር ነበር። በየሳምንቱ እየደወለ "ልጅሽ ደህና ነው፤ በልቷል" የሚለኝ ገመቹ ነው። እሱ መጋዘን ከገባ ልጄን ማን ያይልኛል? ይህን እያሰብኩ ነው ለምስክርነት ቀበሌ የሄድኩት።

አቶ ቱፋና ወይዘሮ አስካለ፣ "እኛ ካደገ በኋላ ነው ያወቅነው፤ አብሮ አደጉን ጠይቂያት" አሉ።

ጸሐፊዋ ወደ እኔ ዞረች። "እማማ፣ እኩያዎ ናቸው?"

"የለም፤ በስድስት ዓመት እበልጠዋለሁ። በጀርባዬ አዝዬዋለሁ። ዋሽቼ ከሆነ ልጄን ያሳጣኝ" አልኩ። ለልጄ ብዬ በልጄ ማልኩ።

ገመቹ አየኝና፣ "ታዲያ ከዛሬ ጀምሮ እትዬ ልበልሽ?" አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ለምን አልተከራከረኝም? በሰው ፊት ውሸታም ላለማድረግ ይመስለኛል። እኔ ግን ያን ይሉኝታውን ተጠቀምኩበት።

ዕድሜው ሳይስተካከል ቀረ፤ ከወር በኋላ ልጄ ደወለ። "እማዬ፣ ጋሽ ገመቹ ሩጫው ላይ ወደቁ። ይረፉ ብላቸው እንቢ አሉኝ።"

ሆስፒታል ሄድኩ። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት፣ አንደበቱ ተይዟል። ብርቱካን እየላጥሁ አጎረስኩት። ይቅር በለኝ የምትለዋን አንዲት ቃል ግን አላወጣሁም። ምን ከለከለኝ? እሱ መናገር አይችል፤ እኔ እችል ነበር።

ልጄን ለማዳን ነው እላለሁ አንዳንዴ። ከምን? ምንም አልነካውም ነበር። በዚያው ዓመት ደግሞ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ። አላመካኝም። የማልኩት እኔ ነኝ፤ ያን ሰው ያስሮጥሁትም እኔ ነኝ።

ገመቹን የወንድሙ ልጅ ሻሸመኔ ወሰደችው ብለውኛል። ስልኩ አይሠራም፤ ሁለት ጊዜ ሄጄ አጣሁት። ረጅም ነው፤ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው፤ ቀኝ እግሩን ሳይጎትት አይቀርም። ሻሸመኔ ወይም ኩየራ ያያችሁት ካላችሁ፣ በሕይወት መኖሩን ንገሩኝ።