የፈዘዘው ቀይ፦ ከጂንካ እስከ አርቦሬ

ማክሰኞ ማለዳ ከጂንካ የተነሣነው ሁለት ሰዎች ሆነን ነው፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ታደለና ገበያው አጠገብ በአንዲት ጠባብ ክፍል የኮምፒውተር ጽሕፈትና ኅትመት የምሠራው እኔ። ቦርሳዬ ውስጥ በፕላስቲክ የታሸጉ ሃያ ካርዶች ይዣለሁ።

ካርዱ ለፍየል አርቢዎች የተዘጋጀ ነው። ደም መጣጭ የሆድ ትል የያዛት ፍየል ደሟ እያለቀ ሲሄድ፣ የታችኛው የዐይኗ ሽፋን ውስጡ ከቀይ ወደ ነጭ ይገረጣል። ታደለ የአምስት ፍየሎችን ዐይን በስልኩ አንሥቶ፣ ከደህናዋ ጀምሮ ለሞት እስከተቃረበችው ድረስ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ሰጥቶ አመጣልኝ። አርቢው የፍየሏን ዐይን ገልጦ ከካርዱ ጋር ያስተያያል። አንድ ወይም ሁለት ከሆነች ይተዋታል፤ ከሦስት ጀምሮ መድኃኒት ይሰጣታል። የሄድነው ካርዱን በባለ ፍየሎቹ እጅ ላይ ሞክረን ለማየት ነበር።

አንድ ነገር ግን መናዘዝ አለብኝ። የመጀመሪያውን ኅትመት ከኮምፒውተሬ ጋር ሳስተያየው ጠቆረብኝ። ክፍሌ መስኮት የላትም፤ በቀንም በአምፖል ነው የምሠራው። የኮምፒውተሬን ብርሃን ደግሞ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌዋለሁ። እሱን አምኜ፣ ወረቀቱ እሱን እስኪመስል ድረስ ምስሉን አፈካሁት። ታደለ ስልኩ ላይ ካለው ትንሽ እንደተለየበት ነግሮኝ ነበር። ስልክና ወረቀት መቼም አንድ አይሆኑም ብዬው አለፍነው።

ማክሰኞ፣ አልዱባ

በሚኒባስ ቀይ አፈር ከተማ ደርሰን፣ ከዚያ ወደ ቆላው ወረድን። አልዱባ ስንገባ ገበያው ሞልቷል። በቅል የተሞላ ማር፣ በጆንያ ማሽላ፣ በገመድ የተያያዙ ፍየሎች። የበና ሽማግሌዎች በርኩማቸው ላይ ተቀምጠው ዋጋ ይነጋገራሉ። ከአንድ ግራር ጥላ ሥር ሆነን የፍየሎችን ዐይን እየገለጥን አሳየናቸው። ያየናቸው ሁሉ አንድና ሁለት ሆኑ። ታደለ የዘንድሮ ፍየል ጤነኛ ነው ብሎ ተደሰተ፤ እኔም በሥራዬ ኮራሁ። ስድስት ካርድ ለስድስት ሰዎች ሰጥተን፣ በዚያው ደስታ ወደ ቱርሚ ሄደን አደርን።

ረቡዕ፣ አርቦሬ

ከቱርሚ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፈርን። ሜዳው ሰፊ፣ ሙቀቱ ከባድ ነው። ሾፌሩ በእርጥብ ፎጣ አንገቱን ጠቅልሎ ነዳ። አርቦሬ ላይ ታደለ የሚያውቃት አንዲት ሴት ጋ ሄድን። ሰው በልጇ ስም የጊኖ እናት ይላታል። አማርኛውን የተማረችው ወይጦ ገበያ ስትመላለስ ስለሆነ፣ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የምትለው። በቅል የቡና ገለባ ሸፈሮ ሰጠችን፤ ያንን ሁሉ አቧራ ከጉሮሮዬ አጠበልኝ።

አሥራ አንድ ፍየሎች አሏት። አንዷ ከጎጆው ጎን ታስራለች። ታደለ ዐይኗን ገልጦ ካርዱን አስጠጋና ሁለት ቁጥር እንደሆነች፣ መድኃኒትም እንደማያስፈልጋት ነገራት። ወደሚቀጥለው ቤት ልንሄድ ተነሣን።

የጊኖ እናት አላስኬደችንም። "ደህና አይደለም" አለች። "ብዙ ቀን ሣር አልበላም። አገጩ ሥር እይ።"

ታደለ ጎንበስ ብሎ የፍየሏን አገጭ ሥር ጫን ጫን አደረገ። አብጧል። የደም ማነስ ምልክት ነው። ሴትዮዋ ካርዱን ከእጄ ወስዳ ወደ ፀሐይ ወጣች። ሌላ ጠንካራ ፍየል አስመጥታ የሁለቱንም ዐይን ጎን ለጎን ገለጠችው። የጠንካራዋ እንደ ትኩስ ሥጋ ቀይ ነው፤ የታመመችዋ ነጣ ብሏል። በካርዴ ግን ሁለቱም ደህና ናቸው።

"ይሄ ደም አለው። ይሄ ደም የለውም" አለች። "ወረቀት ነው የታመመው።"

ፀሐይ ላይ አየሁት፤ ቀዩ ሁሉ ፈዟል። በካርዴ ሁለት የሆነችው ፍየል በእውነቱ አራት ነበረች። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ በአምፖል ሥር ምስሉን እንዳፈካሁት ለሁለቱም ተናገርኩ። ታደለ ወዲያው ፍየሏን መድኃኒት አጠጣት። እኔ ሴትዮዋ ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

"ጂንካ ቀዩን በምን ታውቃለህ?"

"በኮምፒውተር" አልኳት።

"ኮምፒውተር ፍየል አይቷል?"

ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ጎጆዋ ገብታ አንድ እፍኝ ዶቃ ይዛ ወጣች። ከደማቁ ቀይ እስከ ነጭ ሊሆን የተቃረበው ድረስ ነበረበት። የራሷንና የጎረቤቶቿን ፍየሎች ዐይን እየገለጠች፣ ታደለ ካርዱን ትቶ በልምዱ ቁጥሩን እየነገራት፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ አንድ ዶቃ መረጠች። ሁለት ጊዜ ሐሳቧን ቀይራለች። መጨረሻ ላይ አምስቱን በክር ሰክታ፣ "ይሄ አይነጣም አይጠቁርም፤ እዚህም ጂንካም አንድ ነው" ብላ ሰጠችኝ።

ሐሙስና ዓርብ፣ መመለሻ

ወደ ጂንካ በአጭሩ መንገድ በወይጦ በኩል መመለስ እንችል ነበር። ስድስቱ ካርዶች ግን አልዱባ ሰው እጅ ላይ ናቸው። ተመልሰን መንደር ለመንደር በእግር ዞርን። አምስቱን ሐሙስ ሰበሰብን። ስድስተኛውን የያዘው ሰው ከብት ጋ ርቆ ስለሄደ እዚያው አደርን፤ ዓርብ ረፋድ ላይ አገኘነው። ካርዱ ደህና ናት ስላለው መድኃኒት ያልሰጣት አንዲት ፍየል ነበረችው። ታደለ አይቶ አጠጣት። ሰውየው አልተቀየመንም፤ እንዲያውም ይህን ሁሉ መንገድ ለዚህ ብላችሁ መጣችሁ ብሎ ማር አቀረበልን። የዚያን ማር ጣዕም እስካሁን አልረሳሁትም።

ቤቴ

ጂንካ እንደገባሁ ጠረጴዛዬን ወደ በሩ አወጣሁ። የኮምፒውተሬን ብርሃን ቀነስኩ። ማተሚያውን በአንድ ዓይነት ወረቀት ብቻ እያሠራሁ፣ የወጣውን ሁሉ በቀን ብርሃን ከዶቃዎቹ ጎን እያስቀመጥኩ አስተያየሁ። አንዱ ጠቆረ፣ አንዱ ወደ ብርቱካን ሄደ። ሰባተኛው ላይ አምስቱም ገጠሙ። የማተሚያውን ቅንብር በደብተር ጻፍኩት። በታደለ ስልክ ላይ ያለው ግን አሁንም ይለያል፤ ስለዚህ ካርዱ ጀርባ ላይ "በቀን ብርሃን በካርዱ እንጂ በስልክ ምስል አትመዝኑ" የሚል አከልንበት።

አዲሱን ካርድ ወደ አርቦሬ የወሰደው ታደለ ነው። ሲመለስ ፍየሏ ቆማ ቅጠል ስትቀነጥስ እንዳያት ነገረኝ። የጊኖ እናት ካርዱን ፀሐይ ላይ ይዛ፣ አንድ በአንድ ከፍየሎቿ ዐይን ጋር አስተያይታ፣ "አሁን ኮምፒውተር ፍየል አየ" አለች አለኝ።

ብዙ ዓመት ቀለም ሳትም ኖሬአለሁ። ቀይ ምን እንደሆነ ያስተማረችኝ ግን እሷ ናት፤ ያውም ሳትቆጣኝ፣ ሸፈሮ አጠጥታ።