ረሂማ ያስተማረችው ስልክ

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጠቀለል ምን ያህል ይሆናል? የስልሳ ዓመት ማየት፣ የስልሳ ዓመት ማወቅ፣ በመዳፍ የምትያዝ ስልክ ውስጥ ይገባል ያለኝ ሰው ቢኖር ድሮ እስቅበት ነበር። አሁን ሳቁ የለም። መርሳ ላይ የሆነውን አይቻለሁና።

ረሂማ ከመርሳ ከተማ ወረድ ብላ የምትኖር ገበሬ ናት። ባሏ ሲሞትባት ዘር የሚያባዛ አንድ ድርጅት ውስጥ በቀን ሥራ ገባች፤ ከዚያ ወዲያ ሃያ ሰባት ዓመት ከማሽላ መስመር አልወጣችም። ፊደል አልቆጠረችም። ግን ከማሳው ዳር ቆማ «ያቺ ሦስተኛዋ አገዳ ሆዷ ውስጥ ትል አለ» ካለች፣ ሲሰነጥቁት ትሉ ይገኛል። ብዙ የተማረ ሰው አውቃለሁ፤ እውቀት እንዲህ ሥጋና ደም ሲሆን ግን ያየሁት እሷ ላይ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት በክረምቱ ወደ ድርጅቱ አዲስ ፕሮጀክት መጣ። ብሌን የምትባል የወልዲያ ልጅ፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች፣ የማሽላ ፎቶ እየደረደረች ለረሂማ ታሳያት ጀመር። ረሂማ ትፈርዳለች፤ ብሌን ፍርዱን ስልኩ ላይ ትመዘግባለች።

«ይቺስ እትዬ ረሂማ?»

«ደህና ናት።»

«ይቺስ?»

«ቅጠሏ ተጠማዝዟል አይደል? ታማለች። ትነቀል።»

«አይሰለችዎትም አንቱ?»

«አንቺ ሰው ፊት አይተሽ ትሰለቻለሽ? ይልቅ ያ ስልክሽ ደንቆሮ ነው፤ አንዱን ነገር መቶ ጊዜ ያስለፈልፈኛል!»

ሐምሌና ነሐሴን እንዲህ ተሳሳቁ። አራት ሺህ ፎቶ ተፈረደበት። «ዓይንዎን እያስተማርነው ነው» ስትላት፣ ረሂማ በኩራት ነጠላዋን ታስተካክል ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የተማረ ሰው ከእሷ ሊማር መጥቷልና።

በዓመቱ ስልኩ ሠራ። አገዳ ላይ ሲያነጣጥሩት ጤነኛውን በአረንጓዴ፣ የታመመውን በቀይ ይከብበዋል። ያኔ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ ሠራተኞች ሁሉ ተጠርተው ተመሰገኑ፤ «ከእንግዲህ ዕረፉ» ተባሉ። ለረሂማ በመስታወት የተገጠመ ምስክር ወረቀት ሰጧት። እሷም ግድግዳ ላይ ሰቅላ ወደ ራሷ ማሳ ተመለሰች። አላማረረችም። «ልጆቹም ይብሉ እንጂ» ነው ያለችው።

እዚህ ላይ ለማያውቅ አንድ ነገር ልንገር። በዚያ ሰፈር ጥቅምት ሲገባ ገበሬው ማሳው ውስጥ ይዞርና ለከርሞ ዘር የሚሆነውን ማሽላ በቁሙ ይመርጣል። የመረጣትን አገዳ ከራሷ ቅጠል አንዱን ጠምዝዞ ወገቧ ላይ ይቋጥርባታል። ያ ቋጠሮ ያለባትን ማንም አይነካትም። የራበው መንገደኛ እሸት ሲቀጥፍ እንኳ እሷን አልፎ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ፕሮጀክቱ ወደ ገበሬው ማሳ ወጣ። ዘር ሊሸጡለት ውል ከገቡት አንዱ የረሂማ ጎረቤት አብዱልሐሊም ነበር፤ ሰባውን ያለፈ፣ ከአያቱ የወረደ፣ ጅጉርቲ የሚባል የማሽላ ዓይነት የሚዘራ ሰው። የዚያን ዕለት ጠዋት ከእኔ ጋር ቀብር ሄዶ ነበር። ብሌን ስልኳን ይዛ፣ አራት የቀን ሠራተኞች ማጭድ ይዘው ማሳው ገቡ። ስልኩ ቀይ አለ። ቀጥሎም ቀይ። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ «ኧረ ይሄ የዘር ነው መሰለኝ» አለ። ብሌን የከተማ ልጅ ናት፤ ተጠራጥራ ለኃላፊዋ ደወለች። «ስልኩ ከእናንተ ይበልጥ ያውቃል፤ ያለውን አድርጉ» አላት። አጨዱት። በሽታ እንዳይዛመት ተብሎም እሳት ለቀቁበት።

ረሂማ ጭሱን አይታ ነው እየሮጠች የመጣችው። ከእሳቱ ዳር አንድ አገዳ አነሳች። ቋጠሮው አልተቃጠለም ነበር።

«ምንድነው ይሄ? ብሌን፣ ምንድነው ያረጋችሁት?»

«ስልኩ ታሟል አለ እኮ እትዬ... ሁሉንም ታሟል ነው ያለው።»

«ቋጠሮ ነው እኮ! ያ ረቢ፣ ቋጠሮ ነው!»

እኔ ከአብዱልሐሊም ጋር ከቀብር ስመለስ የደረስኩት በዚህ ጊዜ ነው። ሽማግሌው በማሳው መካከል ዞረ፤ የቀረውን አየ፤ ደካማው፣ ወፍ የበላው፣ ያልተመረጠው ሁሉ በጤና ቆሟል። ምርጡ ብቻ የለም። መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ረሂማ፣ ያስተማርሽው አንቺ ነሽ ይላሉ።»

«እኔ ነኝ አባ አብዱልሐሊም።»

«የተጠመዘዘ ቅጠል ይነቀል ያልሽው አንቺ?»

«እኔ ነኝ። በሐምሌ ነው ያልኩት። በሐምሌ ደሞ ማን ቋጠሮ ያስራል?»

ስልኩ ሐምሌና ጥቅምትን አይለይም። ማንም አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም። ሰው ሲሆን፣ አላዋቂም ቢሆን፣ ማጭዱን ከማንሳቱ በፊት «ይሄን ማን አሰረው?» ይላል።

ከወር በኋላ ብሌንም ተሰናበተች። ገበሬው በገዛ ስልኩ ፎቶ ማንሳት ስለሚችል ይዛ የምትዞር ሰው አያስፈልግም ተባለ። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። አሮጊቷን ያወቀችው ነገር አስወጣት፤ ወጣቷን ደግሞ መማሯ እንኳ አላዳናትም። የማስበው ይህንን ነው፤ ማሰቤ ግን ድንጋጤዬን አልቀነሰውም።

ወልዲያ ወዳለው የፕሮጀክቱ ቢሮ ረሂማና ብሌን አብረው ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ኃላፊው ረሂማ ካሣ ልትጠይቅ የመጣች መስሎት የአብዱልሐሊም ጉዳይ እየተጠና ነው አላት።

«እሱንስ ለእሱ ክፈሉት። እኔ የመጣሁት ለቃሌ ነው። እዚያ ውስጥ ያስገባችሁትን ቃሌን አውጡልኝ።»

«አልገባኝም እናቴ።»

«ሰው ሲሳሳት ተሳስቻለሁ ይላል። ምስክር እንኳ ቃሉን ይመልሳል። እኔ እዚህ ቆሜ በአፌ ስመልስ፣ እዚያ ውስጥ ያለችው ረሂማ ግን በየሰው ማሳ እየዞረች ንቀሉ ትላለች። እሷን አውጡልኝ።»

ሰውየው ፈገግ አለ። ክፉ ሰው አይደለም። «እናቴ፣ ወጥ ውስጥ የገባ ጨው ተመልሶ ይለቀማል?»

«ካልተለቀመ ወጡን ድፉት።»

በሳምንቱ ተመልሳ ሄደች። ከዚያም በጥር። በሦስተኛው ጊዜ በር ላይ ያለው ጥበቃ ስሟን ሳይጠይቅ «ዛሬም ለዚያው ነው?» አላት። አዎ አለች። ቃሏን ያወጣላት የለም።