እግሩ ደኅና ነው ያሉ ምስክሮች

ቢቸና ውስጥ በጥብቅና የኖርኩት በድንበር ክርክር ነው። አንዱ የሌላውን ማሳ በአንድ ትልም ገፋ ይባላል፣ ምስክር ይመጣል፣ ገሚሱ ምሎ ይናገራል፣ ገሚሱ ምሎ ይዋሻል። ሰው ስለ ጎረቤቱ ክፉ እንዲናገርልኝ ለምኜ አላውቅም፤ ሳልጠይቀው ይነግረኛል። ስለዚህ ውጭ አገር ያለች አንዲት ጠበቃ ደውላ ሞጣ ሄደህ ምስክር ፈልግልኝ ስትለኝ የግማሽ ቀን ሥራ መሰለኝ።

ደንበኛዋ የሞጣ ልጅ ነው። በግርግሩ ጊዜ ታስሮ፣ ሲደበደብ ቀኝ እግሩ ተሰብሮ፣ ሲፈታ አገር ጥሎ የወጣ። የተሰደደበት አገር ጥገኝነት ቢጠይቅ አላመኑትም፤ ከደረጃ ወድቀህ ነው የሰበርከው አሉት። ይግባኙ ሲሰማ መታሰሩንና መደብደቡን የሚናገርለት ሰው ካልተገኘ ወደ መጣበት ይመልሱታል። ጠበቃዋ ቤተሰቡ ላይ ጣጣ እንዳይመጣ ጉዳዩን ለማንም ሳትነግር በዘዴ ጠይቅ ብላ አስጠነቀቀችኝ። እኔም ለሰው ከበሬታ ብዬ ደህናውን ኮቴን ለበስኩና በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት ከልጁ ጋር ታስሮ ወደነበረው ልብስ ሰፊ ነው። ልጁን ታውቀዋለህ ወይ፣ ጠባዩ እንዴት ነው፣ ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ ያውቃል ወይ እያልኩ በዘዴ ጠየቅኩት። ሰውዬው የስፌት መኪናውን አቆመና ከእግሬ እስከ ራሴ አይቶኝ ፈገግ አለ። ያ ልጅ እንኳን ሊታሰር በእስር ቤት በር አልፎ አያውቅም አለኝ። አንድ ምንጣፍ ላይ አብሮት የተኛ ሰው ነው ይህን የሚለኝ። ስለ እግሩ ብጠይቀው እንደ ሰጋር በቅሎ ነው የሚረግጠው አለ።

ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ከደቡብ ተመድባ የመጣችው፣ እግሩን በጀሶ ያሰረችለት ነርስ የታካሚ ምስጢር አይነገርም አለችኝ። ደስ አለኝ፤ አንድ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አገኘሁ ብዬ። ወዲያው እስከ በሩ ተከትላኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ደሙም ሳንባውም ንጹሕ ነው፣ ልጅ ከመውለድ የሚያግደው ነገር የለም አለችኝ። ማን ጠየቃት?

የቀረኝ የእድሩ ዳኛ የሆኑት ሽማግሌ ነበሩ። ሳልጠይቃቸው የልጁን ዘር በእናትም በአባትም እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩልኝ፤ ለምጽ የለበትም፣ ቡዳ የለበትም። ጨነቀኝና አባቴ፣ ያነክሳል ሲባል ሰምቻለሁ አልኳቸው። ተቆጡ። የትኛው ምቀኛ ነው ያለው ብለው ስሙን እንድነግራቸው ያዙኝ። ጥቂት በረድ ሲሉ ጠጋ አሉኝ።

«ይልቅ የልጅቱ ወገኖች ወዴት ናቸው? ቢቸና ነው ደብረ ወርቅ?»

ያኔ ነው የገባኝ። በእኛ አገር ደህና ልብስ የለበሰ እንግዳ መጥቶ ስለ አንድ ጎረምሳ ጠባይና ጤና በቀስታ ከጠየቀ ሴት ልጅ ያላቸው ሰዎች ልከውት ነው። የሰው ትዳር በምላሱ ያፈረሰ ጎረቤት ደግሞ እርጉም ነው። ከተማው በሙሉ እየዳረልኝ ኖሯል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ይግባኙ ትዝ ሲለኝ ሳቁ ቆመ። የጠበቃዋን ትእዛዝ ተውኩና እውነቱን ነገርኳቸው።

ሽማግሌው ወዲያው ልብስ ሰፊውንና ነርሷን አስጠሩ። ልብስ ሰፊው ቀና ሳይል እግሩን የሰበሩት ዓይኔ እያየ ነው አለ፤ ጻፍኩ። ነርሷም በልጁ ፈቃድ ከሆነ ብላ ያየችውን ተናገረች። ሽማግሌው ግን ትንሽ መሰላቸው። ሁለቱንም እግሩን ሰበሩት ብንል ምን አለበት፣ ለልጁ ብለን አይደል አሉ። አንዱ ይበቃል ብዬ ስከራከር ቆየሁ። ጠዋት አንድም የተሰበረ እግር አጥቼ ከሰዓት በኋላ ሁለት ተረፈኝ። በመጨረሻ በግድ በአንድ ተስማሙ።

የቀረው የእናትየው ቃል ነበር። ሽማግሌው ይዘውኝ ሄዱ። ወሬው ቀድሞን ደርሷል፤ የትዳሩ ወሬ እንጂ እውነቱ አይደለም። እናትየው ደጃቸው ላይ ለድግሱ ጠላ ጌሾ ይወቅጣሉ። ብድግ ብለው ትከሻዬን ሳሙኝና ልጅቱ እዚያው እሱ ጋ ናት ወይስ ሠርጉ እዚህ ነው ብለው ጠየቁኝ። ሽማግሌው መሬት መሬት ያያሉ። እኔው እውነቱን ነገርኳቸው፤ የምጽፈው የምስክር ወረቀት ልጅዎ ሞጣ ቢመለስ ክፉ ያገኘዋል ይላል፣ ካመኑት እዚያ ያኖሩታል አልኳቸው። በሥራዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

እናትየው ዘነዘናውን ሙቀጫው ላይ አጋደሙ።

«ይምጣልኝ ካልኩስ?»

«ይልኩታል፣ እማማ።»

«እንግዲያ ጻፍ። እናቱ ልጄ አይምጣብኝ ብላለች በል።»

ጻፍኩና አውራ ጣታቸውን ቀለም ቀባሁ። ጌሾ ስለነበረበት ቀለሙ አልይዝ አለ። ገብተው በሳሙና ታጥበው ወጡና፣ እጃቸውን ልይዝላቸው ስል መለስ አድርገውኝ፣ ራሳቸው ቀለም ነክተው ወረቀቱን አጥብቀው ተጫኑት።