የኪሮስ ድምፅ በእህቱ ሰርግ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ዘፋኝ ሰቆጣ ገበያ አጠገብ ወዳለችው የድምፅ ዕቃ ማከራያ ሱቄ መጣች። ታብሌት ታቅፋ ነበር። «ጋሼ፣ ይህን ከሚክሰር ጋር የሚያገናኝ ገመድ ይኖርዎታል? እሑድ ሰርግ አለብን፤ ኪቦርድ የሚጫወትልን ልጅ ሄዶብናል» አለችኝ። ወዴት እንደሄደ አልጠየቅኋትም። እኛ አገር «ሄደ» ከተባለ ወዴት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ገመዱን ከመደርደሪያ አውርጄ፣ ቀጭኑ ጫፍ ታብሌቱ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ውስጥ እንደሚገባ፣ ለሁለት የተከፈለው ወፍራም ጫፍ ደግሞ ሚክሰሩ ላይ እንደሚሰካ አሳየኋት። አመስግና ወጣች። እኔ ግን ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሰው ገብቶ ባትሪ ቢጠይቀኝ ገመድ አውርጄ ሰጠሁት።

አሁን አርባን አልፌያለሁ። ወገቤ ስፒከር ማንሳት ከከለከለኝ ቆይቷል። ያኔ ግን ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነበርኩ፤ አራት ሆነን በየሰርጉ እንጫወት ነበር። ሞላ ይዘፍናል፣ ሲሳይ ከበሮ ይመታል፣ ኪሮስ ኪቦርድ ይጫወታል፣ እኔ ደግሞ ሚክሰሩ ላይ ተቀምጬ ድምፁን አስተካክላለሁ። ከአራታችን ሙዚቃ በትክክል የሚያውቀው ኪሮስ ብቻ ነበር። አባቱ ነፍሳቸውን ይማርና ቄስ ነበሩ፤ ጆሮውን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው። እየተጫወተ እኛንም በቃል ይመራን ነበር። «አዝማቹን ድገሙ»፣ «እዚህ ላይ ዝም»፣ «አሁን ቀስ እያልን» ይላል። ሲሳይ ሞቅ ሲለው ምቱን ያፈጥናል፤ ያን ጊዜ ኪሮስ ከኪቦርዱ ቀና ሳይል «ሲሳይ፣ አትሩጥ!» ብሎ ይጮኽበታል። ስንት ጊዜ እንደጮኸበት እንጃ። ሲሳይም እየሳቀ መሮጡን አልተወም።

ከመስቀል በኋላ ኪሮስ ሊሄድ እንደቆረጠ ነገረን። በአፋር በኩል ወደ ባሕሩ፣ ከዚያ ወዲያ ማዶ። ለመንገዱ ኪቦርዱን ሊሸጠው ነበር። ሞላ በጣም ተቆጣ፤ እኔ ለመቆጣት እንኳ አቅም አጣሁ። ኪሮስ ግን አስቀድሞ ያሰበበት ነገር ነበረው። ሞላ ከወልዲያ ያገለገለ ታብሌት ገዝቶ ነበር፤ ጥጉ ላይ መስታወቱ የተሰነጠቀ። «ኪቦርዱን ሳልሸጥ ሁሉንም ዘፈን በዚህ ላይ እቀዳላችኋለሁ። እኔ ባልኖርም ሥራችሁ አይቁም» አለ። እኔ የተከራየኋት ክፍል ውስጥ በር ዘግተን ተቀመጥን። ሙዚቃውን በቀኝ በኩል፣ የራሱን ቆጠራና ትእዛዝ በግራ በኩል ለይቶ ቀዳው። ቀኙ በስፒከር ለሕዝቡ ይወጣል፤ ግራው በጆሮ ማዳመጫ ለሲሳይ ብቻ ይደርሳል። ሕዝቡ ሙዚቃውን፣ ሲሳይ ኪሮስን ይሰማል ማለት ነው። ከቀረጻው መካከል ሲደክመው ቆሎ እንበላለን፤ ስለመንገዱ ግን አናወራም።

ሄደ። ባሕሩ ዳር ከደረሰ በኋላ አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥም አለፈ። ጥር ላይ ጋዝጊብላ ያሉት እናቱ እትዬ ለምለም ሰው ላኩብን። ታናሽ እህቱ ልታገባ ነው፤ ቀኑ እሱ ከመሄዱ በፊት የተቆረጠ ስለሆነ ሊፈርስ አይችልም። «የልጄ ጓደኞች ሳይኖሩ ሰርግ አልደግስም» ብለውናል። እንዴት እንቢ ይባላል?

ዕቃችንን በአይሱዙ ጭነን ከሰቆጣ ወጣን። የጥር ፀሐይ ጠራራ ነው፤ ነፋሱ ግን ይቀዘቅዛል። አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ራቁቱን ቀርቷል፤ በየአውድማው የገብስ ገለባ ቢጫ ክምር ይታያል። መኪናው ከጠመዝማዛው መንገድ ጋር ሲታገል አቧራው ጥርሳችን ውስጥ ይንቀጫቀጫል። መኪና የማይገባበት ላይ ስንደርስ ስፒከሮቹን በአህያ ጭነን በእግር ቀጠልን። በገበያ ቀን የሚመላለስበት ሰው ያለሰለሰው የእግር መንገድ ነው፤ ዳገቱ ግን አያልቅም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዳገቱን በወሬ የሚያሳጥርልን ኪሮስ ነበር።

ሰርጉ ቤት ስንደርስ የባሕር ዛፍ ቅጠል የለበሰ ሰፊ ዳስ ተተክሏል። የገብስ እንጀራ በቀይ ወጥ አቀረቡልን፤ ከዚያ ያን የዋግ ነጭ ማር በጣባ። እትዬ ለምለም ራሳቸው ቆመው አበሉን። ከሲታ፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ስለኪሮስ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ እኛም አላነሳንም። ዓይናቸው ግን ከእኛ መካከል የጎደለውን ሰው ይፈልግ እንደነበር አይቻለሁ።

ጄኔሬተሩን ከዳሱ ጀርባ አስነስቼ ዕቃውን መዘርጋት ጀመርኩ። ገመዱን ሳወጣ ደነገጥኩ። በጉዞው የሆነ ነገር ተጭኖት ልባሱ ተገሽልጧል፤ የግራውና የቀኙ ሽቦ ጎን ለጎን ራቁታቸውን ወጥተዋል። ትርፍ ገመድ አልነበረንም። ሁለቱን ለያይቼ በቁስል ፕላስተር ጠቀለልኳቸውና ታብሌቱን ሰካሁ። ሙዚቃው ጥርት ብሎ በስፒከሩ ወጣ፤ ሲሳይም በጆሮው ቆጠራውን ሰምቶ አውራ ጣቱን አሳየኝ። እፎይ አልኩ።

ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ገባ፤ ጭፈራው ደራ። የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች በሰላም አለፉ። ፀሐይዋ ግን ሚክሰሩ ላይ አነጣጥራ ነበር፤ ፕላስተሩ ሙቀት ሲያገኘው ላላ። ሽቦዎቹ መቼ እንደተነካኩ አላየሁም። ብቻ በጭፈራው መሐል፣ ከሁለቱም ትላልቅ ስፒከሮች፣ «ሲሳይ፣ አትሩጥ!» የሚል ድምፅ ዳሱን ሞላው።

ጭፈራው ቀጥ አለ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ያን ድምፅ ያውቀዋል። ሞላ ዘፈኑን አቋርጦ ማይኩን ዝቅ አደረገ፤ ሲሳይ እጁን ከበሮው ላይ እንዳሳረፈ ቀረ። ሙዚቃው ብቻ ይቀጥላል። እትዬ ለምለም ወጥ ከሚሠራበት በኩል እየሮጡ መጡ፤ እጃቸው በወጥ እንደተነከረ ነው። ወደ እኔ አላዩም። ማይኩን ከሞላ እጅ ተቀበሉና በአገራቸው ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ጮክ ብለው ጠሩት።

«ኪሮስ! ልጄ! የት ነህ? እህል ቀምሰሃል?»

ድምፃቸው ከማዶው ገደል ጋር ተላትሞ ተመለሰ። እጄ ወደ ታብሌቱ ሲሄድ ትዝ ይለኛል። ግን ቀረጻው ቀደመኝ። ዘፈኑ ወደ ማለቂያው ደርሶ ነበርና የኪሮስ ድምፅ እንደገና መጣ፤ «እሺ… አሁን ቀስ እያልን…»

«እሺ አለኝ!» አሉ እትዬ ለምለም ወደ ሕዝቡ ዞረው። «እሺ አለኝ እኮ! በስልክ አገኙት!»

ከሴቶቹ በኩል እልልታው ፈነዳ። ሙሽራዋ ከመቀመጫዋ ተነሳች። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ እልልታ የለም። ሞላ ወደ መሬት አየ፤ ሲሳይ ፊቱን አዞረ። ሊነግራቸው የሚችል ሰው እኔ ብቻ ቀረሁ። ሄጄ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«እትዬ፣ ስልክ አይደለም» አልኳቸው። «የተቀዳ ነው። ከመሄዱ በፊት፣ እኔ ቤት ተቀምጦ የቀዳው ነው።»

መጀመሪያ የሰሙኝ አልመሰለኝም። «አሁን አይደለም?» አሉኝ።

«አሁን አይደለም።»

«እኔን አይሰማኝም?»

«አይሰማዎትም እትዬ።»

እልልታው ከወዲያና ከወዲህ እየተቆራረጠ ሞተ። ማይኩን ለሞላ መለሱለት። በወጥ የተነካ እጃቸውን በመቀነታቸው ጠረጉ፤ ጣት በጣት፣ ቀስ ብለው። እኔ ሽቦውን ልለያይ ወደ ሚክሰሩ ጎንበስ ስል፣

«ምን ልታደርግ ነው?» አሉኝ።

«ድምፁን ላጠፋው ነው። ሙዚቃው ብቻ እንዲወጣ።»

«ተወው» አሉ። «ደክሞበታል። የእህቱ ሰርግ ነው፤ ይናገር።»

እንደተባልኩት ተውኩት። ሞላ መዝፈን ሲያቅተው እሳቸው ከፊት ቆመው ያጨበጭቡለት ጀመር። የሚቀጥለው ዘፈን ሲጀምር ኪሮስ «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ሲቆጥር አንድ ሽማግሌ አብረውት ቆጠሩ። ከዚያ ወጣቶቹ። ከዚያ ዳሱ ሁሉ። «አትሩጥ!» ሲል ሕዝቡ ወደ ሲሳይ እየጠቆመ ይስቃል፤ ሲሳይ ዕንባው ጉንጩ ላይ እየወረደ ይመታል። ያን ቀን አልሮጠም። እትዬ ለምለምም ከሙሽራዋ ጋር እስክስታ ወረዱ። ደስታ ነበር ብዬ መናገር አልችልም። ለቅሶም አልነበረም። ሰው ሁሉ የሆነ ከባድ ነገር በጋራ የተሸከመ ይመስል ነበር።

በማግስቱ ዕቃውን በአህያ ጭነን ቁልቁል ወረድን። ሰቆጣ ገብቼ ከነጫማዬ ተኛሁ።

ወሬው የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። ኪሮስ በሕይወት አለ፤ ከባሕሩ ማዶ ተይዞ ታስሮ ነበር። በኋላም ከእስር ወጥቶ ለዓመታት በረሃ ውስጥ የሰው ፍየል ሲጠብቅ ቆየ። በመጨረሻ ከዚያ አገር አባረሩትና አንዲት ቦርሳ ይዞ ተመለሰ። ሊጠይቀኝ ሱቄ ሲመጣ አዲስ ኪቦርድ ገዝቼ አቆይቼለት ነበር። ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈ፤ አልተጫናቸውም። «ሌላ ጊዜ» አለኝ። አሁን ባጃጅ ይነዳል፤ መንገድ ላይ ስንተያይ ጥሩንባ ይነፋልኛል። ያ ሌላ ጊዜ አልመጣም፤ እኔም አላነሳሁበትም። እናቱ ግን እስኪሞቱ ድረስ በየሳምንቱ እየሄደ ይጠይቃቸው ነበር፤ ለእሳቸው ይህ በቂ ነበር ብዬ አስባለሁ።

እኔ እስከ ዛሬ ሰርግ እሄዳለሁ፤ ሸክሙን ለሌሎች ትቼ ሚክሰሩ ላይ እቀመጣለሁ። አሁን አሁን ሁሉም በታብሌት ነው የሚጫወተው፤ ኪቦርድ የሚጫወቱት ልጆች በየአገሩ ተበትነዋል። የሙሽራ ወንድሞችም፣ እህቶችም እንዲሁ። አንዳንዴ ዳሱን ሳየው ካለው ሰው የሌለው ይበዛብኛል፤ የሚያደክመኝም የዕቃው ክብደት አይደለም። ስለዚህ ዕቃዬን ዘርግቼ ከመክፈቴ በፊት የሙሽራዋን እናት ፈልጌ፣ ከዚህ የሚወጣው ሁሉ የተቀዳ እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ባለፈው ጥር ሰቆጣ ዙሪያ ወንድ ልጃቸው የሄደባቸው አንዲት እናት በጥሞና አዳምጠውኝ ሲያበቁ ስፒከሩን በእጃቸው ዳሰሱት።

«ይህ ነገር ስንት አገር ድረስ ይሰማል?» አሉኝ።

«ከዚያ ጋራ አያልፍም እናቴ።»

ጋራውን ትንሽ አዩት። «ይሁን» አሉ። «ግን ከፍ አድርገው።»