የሙሉካ እንሰት በጥር ፀሐይ

ጎረቤቴ ሙሉካ ኩራተኛ ናት። ይህን የምለው ላማት አይደለም። ዲላ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ወለል እየወለወለች ልጆቿን ያስተማረች፣ ባሏ ከሞተ በኋላ በራሷ ጉልበት ከከተማው ዳር ቤት የሠራች ሴት ካልኮራች ማን ይኮራል? ቤቱ ግን አዲስ ነበርና ጓሮው ባዶ ነበር። የጌዴኦ ሴት ጓሮዋ እንሰት ከሌለው እንዴት እንደምትታይ፣ እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ እንኳ እዚህ ኖሬ ገብቶኛል።

ጥር ላይ ትልቋን ልጇን ትንቢትን ለጋብቻ ሊጠይቁ ከኢዲዶ መንደር ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ተነገራት። የሚያገባት ልጅ እናት ወይዘሮ አትጠገብም አብረው እንደሚመጡ ስትሰማ እንቅልፍ አጣች።

«ወንዶቹስ ሶፋውን አይተው ይሄዳሉ» አለችኝ። «እሳቸው ግን የሚያዩት ጓሮዬን ነው።»

ወናጎ ከተማ፣ ወንድሟ ደግነት ዘንድ ሄዳ፣ እናታቸው የተከሉትን፣ ያደገውን እንሰት ልትነቅል ተነሣች።

«በዚህ ፀሐይ? ዝናቡ ሲጥል ትወስጂዋለሽ» ብሎ ለመናት።

«ዝናቡ ሲጥል እንግዳ የለብኝም» ብላ ነቅላ በአይሱዙ አስጭና መጣች። «ልጅ መዳር ነው ወይስ ጫካ ማዛወር?» አልኳት። አልሳቀችም።

ያደገ እንሰት ሲዛወር ቅጠሉ መቆረጥ አለበት፤ አለዚያ ቅጠሉ የግንዱን ውኃ መጥጦ ይጨርሰዋል። ይህን ሙሉካ ከማንም በላይ ታውቃለች። ቅጠሉ ከተቆረጠ ግን ጓሮው ጉቶ ብቻ ሊሆን ነው። «እንግዶቹ ይሂዱልኝ እንጂ» ብላ ቅጠሉን ሳትነካ ተወችው። ባልዲ እየተሸከመች ብታጠጣውም በየቀኑ እየጠወለገ ሄደ።

እንግዶቹ መጡ፤ ተጸለየ፤ ተቀመጡ። ወይዘሮ አትጠገብ በመስኮቱ ወደ ጓሮ ያያሉ። የሙሉካም ዓይን እዚያው ነው። ቅጠሎቹ እንደ እርጥብ ልብስ ተንጠልጥለዋል። ዋናው ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠርገው ንግግራቸውን ሲጀምሩ ሙሉካ ብድግ አለች።

«አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ያ እንሰት የእናቴ ነው። እንድታዩልኝ ብዬ በጥር አዛወርኩት፤ ቅጠሉንም ለእናንተ ስል ተውኩት። ከዚህ በላይ ዝም ብል ይሞትብኛል።»

በአዲስ ቀሚሷ ገጀራ ይዛ ወጣች። ትንቢት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከጓሮ የሚቆረጥ ቅጠል ድምፅ ተሰማ፤ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወይዘሮ አትጠገብ ተነሥተው ወጡ። ተቀይመው የሚሄዱ መስሎኝ ልለምናቸው ተከተልኳቸው። እሳቸው ግን የቀሚሳቸውን ጫፍ ወገባቸው ላይ እየሸጎጡ ነበር።

«ሌላ ገጀራ አለ?» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። ከረድፉ ሌላ ጫፍ ጀመሩ።

«ዝቅ አድርገሽ ቁረጪው እንጂ! አሁን ደግሞ ለማን ልታሳዪው ነው?» ብለው ሙሉካን ተቆጧት። ሙሉካ ዝቅ አድርጋ ቆረጠች። ሁለቱ መሐል ላይ ሲገናኙ ጓሮው ጉቶ ብቻ ሆኗል፤ እኔ ግን በጎረቤቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሽማግሌው በር ላይ ብቅ ብለው «እኛስ ምን እናድርግ?» አሉ።

«እኛ ጨርሰናል፤ ልጅቷን ወስደናል» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ ሳይዞሩ።

ሙሉካ ቀና አለች። «ኧረ ገና አልሰጠሁም!»

ገብታ አፈር በነካው ቀሚሷ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ሽማግሌው ጉሮሮአቸውን እንደገና ጠርገው ልመናውን ከመጀመሪያው ጀመሩላት።