ከዳኪ ደጅ የተነዳችው ላም

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። የጉዞዬ ምክንያት ሲያወሩት ትልቅ ይመስላል፦ በድንበሩ ወዲያና ወዲህ ያሉ አርብቶ አደሮች ሀብታቸውን እንዴት እንደሚይዙ፣ ድሃና ሀብታም የሚሉት ማንን እንደሆነ ለሚያጠና ቡድን መረጃ መሰብሰብ። እናቴ ግን ባጭሩ ገባት። «የሰው ጓዳ ልታዪ ነዋ» ብላ ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልኝ።

ዲላን ካለፍን በኋላ አረንጓዴው እየሳሳ ሄደ። ያቤሎ አደርን። በማግስቱ መንገዱን የያዘው ቀይ አፈር፣ ግራርና ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ ነው። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ዶሮዋን ከወንበሬ ሥር አስገብታ ስለነበር ሜጋ እስክንደርስ ድረስ ዶሮዋ ተረከዜን ስትለቅመኝ ዋለች። ሁለት ጊዜ ተቆጣሁ፣ በሦስተኛው ከዳቦ ቆሎዬ ቆንጥሬ ሰጠኋትና ታረቅን።

ሞያሌ

ሞያሌ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ከተሞች ናት። የኢትዮጵያውን በእግሬ ተሻግሬ ኬንያው ሞያሌ ገባሁ። ብሬን በሽልንግ መነዘርኩና ማረፊያዬ ወደሆነው ወደ እትዬ ሰናይት ምግብ ቤት ሄድኩ። እትዬ ሰናይት በወጣትነቷ በስደት መጥታ ነው የቀረችው። አብረዋት የመጡት ገሚሱ ተመለሱ፣ ገሚሱ ባሕር ተሻገሩ፣ እሷ ቻፓቲና ባቄላ እየሸጠች ልጆች አሳደገች። ጥናቱ ወደሚካሄድበት ወደ ኡራን መንደር አስተርጓሚዬ ሆና የምትሄደውም እሷው ናት። ጫማዬን ዓይታ «ይሄን አድርገሽ ኡራን? ፖሌ፣ አይዞሽ ልጄ፣ ጫማሽን ነው ያዘንኩለት» አለችኝና የራሷን ሰንደል አዋሰችኝ።

ወደ ኡራን

የሄድነው በሎሪ ነው፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጠን። አስፋልቱ እስከ ሶሎሎ ድረስ ጨዋ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ የሚያውቀው የጎድን አጥንቴ ነው። ካለፈው ድርቅ የተረፈ የከብት አጥንት እዚህም እዚያም ነጭቶ ይታያል። እትዬ ሰናይት ዓይኔን ተከትላ አየችና ስለ ልጆቿ ታወራልኝ ጀመር።

ኡራን ስንደርስ የአካባቢው ሹም፣ ቺፉ፣ ሰዉን ባራዛ ጠርቶት ጠበቀን። ባራዛ ማለት ቺፉ የሚጠራው የአገር ስብሰባ ነው። ግራር ጥላ ሥር መሬቱ ላይ ሦስት ክብ ሠራን፦ ያለው፣ መካከለኛ፣ የሌለው። ለየቤቱ አንድ ጠጠር አለ፣ ሽማግሌዎች እየተመካከሩ ቦታ ቦታውን ያስይዙታል። ጨዋታ ቢመስልም ጨዋታ አልነበረም። የሌለው ክብ ውስጥ ለሚገቡ ቤቶች ጥናቱን የሚያስጠናው ድርጅት የልጆቻቸውን የትምህርት ቤት ክፍያ ይሸፍናል።

ዳኪ የምትባል ሴት ጠጠር ላይ ስንደርስ ነገር ተያዘ። ዳኪ ባሏ የሞተባት ናት። ትልቋ ልጇ ሎኮ ሞያሌ ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ትማራለች፣ ክፍያው ካልተገኘ በዚያው ተርም ወደ ቤት ትመለሳለች። ነገር ግን ደጇ ላይ የምትታለብ ላም ከነጥጃዋ ቆማለች። ደንባችን ደግሞ ግልጽ ነው፦ ላም የምትቆጠረው ወተቷ ለሚጠጣበት ቤት ነው፣ ባለቤቱ ተነስቶ «የኔ ናት» ካላለ በቀር። ጠጠሯ መካከለኛው ክብ ላይ ዋለ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ዳኪ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ምን እንደሆነ የነገረችኝ እትዬ ሰናይት ናት። ላሟ የዳኪ አይደለችም። የእሷ ከብቶች በድርቁ ሲያልቁ፣ ትንሹ ልጇ ወተት እንዳያጣ ጉዮ የሚባል የጎሳዋ ሽማግሌ የሰጣት ናት። ዳበሬ ይሉታል፦ ወተቱ የተቀባይ፣ ላሟና ጥጃዋ የሰጪ።

«ታዲያ ለምን አይናገሩም?» አልኩ።

«እሱ ሰው ፊት ‹የኔ ናት› ካለ መልሺልኝ ማለቱ ነው። እሷ ‹የኔ አይደለችም› ካለች ስጦታውን መጣሏ ነው። ሁለቱም አይሉትም፣ ልጄ። ሞተው ነው!»

አስተባባሪያችን ዘንድ ደወልኩ። ደንቡ ለሁሉም አካባቢ አንድ ነው ብሎ ዘጋው። ጉዮ ስብሰባው ሲበተን በትሩን ተደግፎ እትዬ ሰናይትን አንድ ነገር ጠየቃት፦ ጠጠሮቹ የሚጸድቁት መቼ ነው? ነገ ጠዋት አለችው።

በማግስቱ

ጠዋት ሰው ባራዛው ላይ እየተሰበሰበ ሳለ ጉዮ መጣ። በሰው ሁሉ ፊት ወደ ዳኪ ደጅ ገባ፣ ላሟን ፈታ፣ ከነጥጃዋ እየነዳ ወደ በረቱ ወሰዳት። አንድ ቃል አልተናገረም። ዳኪ ባዶው ደጇ ላይ ቆማ ቀረች፣ ትንሹ ልጅ ጥጃዋን ሊከተል ሮጦ እናቱ ያዘችው።

ወረቀቱ ላሟን የዳኪ እንዳያደርግበት ፈርቶ ነው ተባለ። ከመበለት ልጅ አፍ ወተት የነጠቀ ሰው ተባለ። ጉዮ ተመልሶ መጥቶ ሲቀመጥ አጠገቡ የነበረው ሽማግሌ ተነስቶ ሌላ ጥላ ፈለገ። የዳኪ ጠጠር ያለ ክርክር ወደ «የሌለው» ክብ ተዛወረ። እኔም በሆዴ ረገምኩት።

መርገም ብቻውን አልበቃኝም። ሲመሻሽ እትዬ ሰናይትን ጎትቼ ልወቅሰው ወደ ቤቱ ሄድኩ። ከአጥሩ ኋላ ሚስቱን አገኘናት፤ በሻርፗ ሥር የወተት ጮጮ ይዛ በጓሮ በኩል ወደ ዳኪ ቤት እየሄደች ነው። ስታየን ደነገጠች። እትዬ ሰናይት ቀስ ብላ ስትጠይቃት፣ «ልጁ የለመደው የላሟን ወተት ነው» አለች፣ ሌላ ሳትጨምር።

ጉዮ በረቱ በር ላይ ተቀምጧል። እሱ ቀድሞ «ወረቀትሽ አለቀ?» አለኝ። አለቀ አልኩት። «በጎ» አለና ጥጃዋን ማከክ ቀጠለ።

ስንመለስ ለሰዉ ካልነገርኩ አልኩ። እትዬ ሰናይት ክንዴን ያዘችኝ። «ብትናገሪ ጠጠሩ ይመለሳል። ልጅቷም ትመለሳለች። ሽማግሌው ይሄን አስቦ ጨርሷል፣ አንቺ አታበላሺበት።» ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ያን ያህል የከበደኝ ዝምታ አላውቅም።

መመለሻ

ሞያሌ ስንገባ ሎኮን ትምህርት ቤቷ በር ላይ አገኘናት። አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች፣ እንደ እናቷ ፊቷ ረዘም ያለ ልጅ ናት። ክፍያዋ እንደሚሸፈን ስንነግራት ደስታዋ ብዙ አልቆየም፣ የላሟ ወሬ ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። «ያ ሽማግሌ ወንድሜን አስራበው» አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። እትዬ ሰናይት ግንባሯን ስማ «ወንድምሽ ጠግቧል፣ አንቺ ተማሪ» ከማለት ሌላ ምንም አላለቻትም። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

አዲስ አበባ ገብቼ ስለ ዳበሬ፣ ስም ሳልጠራ፣ ረጅም ሪፖርት ጻፍኩ። ደንቡ እንዲቀየር ለመንኩ። የሰውን ሀብት ለማወቅ ደጁን ማየት ይበቃል ብዬ ወጥቼ ነበር። ጉዮ ወተቱን ከልጁ ሳያጎድል፣ በዚያ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ያቆየውን ስሙን ለሌላ ሰው ልጅ ትምህርት ሰጠ። እሱን የማስገባበት ክብ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ከዓመታት በኋላ እትዬ ሰናይት ደወለችልኝ። ሎኮ ሁለተኛ ደረጃን፣ እነሱ ፎርም ፎር የሚሉትን፣ ጨርሳለች። ኡራን በገባች በሳምንቱ ባራዛ ላይ ተነስታ፣ እሷ ስትማር ወንድሟ የጉዮን ላም ወተት ሲጠጣ እንዳደገ፣ ወተቱ አንድ ቀን እንኳ እንዳልቀረ ለአገሩ ሁሉ ተናግራለች።

«ጉዮ እዚያ ነበር?» አልኳት።

«ነበር። ትምህርት ቤቱ ልጅቷን ወሬኛ አደረጋት ብሎ ተቆጣ» አለችኝ። «እያለቀሰ ነው ታዲያ የሚቆጣው።»