የጉልላት የወተት ጥናት

ጉልላት የአዋሽ ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ነበር፤ እኔ መንበረ ደግሞ የከተማው አስተማሪና የእሱ እጮኛ። ሠርጋችን ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። የሟች አባቱን የሠርግ ኮት ለብሶ ሊሞሸር ለእናቱ ቃል ገብቷል። ኮቱ ግን ሆዱ ላይ አልቆለፍ አለ። እኔም፣ "ካልተቆለፈ ከጎንህ አልቀመጥም!" አልኩት። የምሬን ነበር፤ ዘመዶቼ ሲያሽሟጥጡ ከወዲሁ ይታየኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን በመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ "ሁሉም ነገር በሳይንስ ይጠና" ተብሎ ስለነበር፣ ጉልላት ቦርጩን በሳይንስ ሊያጠፋ ተነሣ። በትኬት መስኮቱ አሻግሮ ሲያይ፣ ወተት የሚጠጡት አፋር አርቢዎች ሁሉ ሸንቃጣ ናቸው። ሽሮ የሚበሉት የቢሮ ሰዎች ደግሞ ቦርጫም። "ያለ ጥርጥር ወተት ቦርጭ ያጠፋል!" ብሎ ደመደመ። አርቢዎቹ ከብታቸውን እየነዱ ከገዋኔ ድረስ በእግራቸው እንደሚመጡ፣ እሱ ግን ከወንበሩ የሚነሣው ለምሳ ብቻ እንደሆነ ብነግረው፣ "አንቺ ስሜታዊ ነሽ" አይለኝ መሰላችሁ! በግኜ ቀረሁ።

በዚህ ደስ ያለው ወተቱን የሚሸጥለት ወሎዬው ባለ ሻይ ቤት ከድሩ ነው።

"የግመል እንዳይሆን ብቻ፤ ክርስቲያን ነኝ" ይለዋል ጉልላት።

"ወላሂ የላም ነው፣ ጓዴ! ልድገምልህ?"

ይደግማል። የገና በዓል ሳያልፍ ኮቱ ጭራሽ በትከሻው አልገባ አለ። "ወተቱ መጀመሪያ ሰውነቴን እያዘጋጀ ነው" አለኝ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ወተቱም ሥጋውም ቀረ። ጉልላት በጾም ቀልድ አያውቅም፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምስም። ሆዱ እየሟሸሸ ሄደ። የሆሳዕና ለት ኮቱን ለብሶ፣ ቆልፎ፣ ደጄ ላይ ተገተረ። ደስታዬን አልደብቅም፤ እልል አልኩ።

"አየሽ? ወተቱ ሠራ!"

"ጾሙስ?"

"እሱ ለነፍስ ነው።"

በሠርጋችን ቀን ከድሩ አንድ ትልቅ ጣሳ ወተት ይዞ መጣ። ሙሽራው ተነሥቶ ጥናቱን ለእድምተኛው አብራራና፣ ማስረጃ ይሁን ብሎ ጣሳውን እንደቆመ ጨለጠው። ቁልፉ ተፈናጥሮ እናቴ ሳህን ውስጥ ጠብ አለ። ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። ጉልላት ቁልፉን አንሥቶ አገላብጦ መረመረው።

"ክሩ አሮጌ ነው" አለ።

ኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ዛቻዬ ትዝ አለኝ። ብድግ ልል ብሞክር ሳቁ ጉልበቴን ወሰደው፤ ከጎኑ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።